ቀይዋ መኪና አትገዛም

ጋሽ ጆሮ ሞቶ የተገኘው ሥራው ላይ ነው። በጀርባው ተንጋሎ፣ ከመኪና ስር እግሮቹ ብቻ ወጥተው፣ አንድ ጫማው ወልቆ። በላዩ ላይ የተኛችው መኪና ስድሳ ዓመት ያለፋት ባለ ሁለት በር ቀይ ነበረች፤ በአጠገቧ ያለፈ ወንድ ሁሉ አንገቱ እስኪጣመም ዞሮ የሚያያት ዓይነት።

ሰውየውን ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሮጌ መኪና ሊገዛ ያሰበ መጀመሪያ እሱን ይዞ ይሄዳል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ ሲያዳምጥ ሐኪም ነው የሚመስለው፤ ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ሲመረምር ሻጭም ገዢም አጠገቡ እንዲቆም አይፈልግም። "ሻጭ ካለ መኪናዋም ትዋሻለች" ይላል። ሲጨርስ ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራል፤ "ትገዛለች" ወይም "አትገዛም"። ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ራሷ ከዓመታት በፊት አንዲት ነጭ መኪና ብታሳየው፣ ኮፈኗን እንኳ ሳይከፍት "ይቺንስ ለጠላትሽ ግዢለት" ብሏት በሳቅ ሞታ ነበር። ዛሬ እግሩን ቆማ ስታይ ያ ሳቅ ትዝ አላት።

ቦታው ከአንድ ሆቴል ጀርባ ያለ መጋዘን ነው። መስኮት የለውም። የፊት በሩ ተንሸራታች ብረት ሆኖ መቀርቀሪያው ከውጭ ብቻ ነው። ከኋላ ደግሞ ወደ ሆቴሉ ማድ ቤት ግቢ የምታስወጣ ጠባብ በር አለች። ገና በገባች በጥቂት ደቂቃ ኢንስፔክተሯ አንገትጌዋን መፍታት አማራት፤ አየሩ የቆመ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ነበር።

"አደጋ ነው፣ ምን ጥርጥር አለው!" አለ ባለሆቴሉ፣ የመኪናዋ ባለቤትና ሻጭ። ጠዋት በሩን ከፍቶ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። በጥርሱ ስንጥር ይዞ እያኘከ ነው የሚያወራው። "መኪናዋ በአየር ነው የምትቆመው። ከረጢቱ ተንፍሶ ይሆናል።"

ከጥንቷ መኪና የቀረው መልኳ ብቻ ነው እኮ። ሞተሯ ትናንት የመጣ፣ ወንበሯ አዲስ ቆዳ። በባሌስትራዋ ፋንታ የአየር ከረጢት ተገጥሞላት፣ ከመሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ወደ ላይ ሲገፏት ትነሳለች፣ ወደ ታች ሲጫኗት እንደ ግመል ትንበረከካለች። ሳጅኑና ሁለት ፖሊሶች በክሪክ አንስተዋት ሬሳው ሲወጣ፣ ከረጢቶቹ አንዳቸውም አልተቀደዱም። አየሩን ያስወጣው ሰው ነው።

ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ ባትሪዋን አበራች። ከመኪናዋ ስር አቧራው ላይ ሁለት አራት ማዕዘን ንጹህ ቦታዎች ነበሩ። ከግድግዳው ጥግ የጋሽ ጆሮ ቦርሳ አለ። ውስጡ መኪና ቢወርድ እንዳይጫነው ከስር የሚያቆማቸው ሁለት ወፋፍራም የእንጨት ታኮዎች በጠፍራቸው ታስረው ተቀምጠዋል። አውጥታ አቧራው ላይ ለካቻቸው። ልክክ አሉ።

"ሰውዬው ታኮ አስገብቶ ነበር" አለች። "መኪናዋ በአየር ስለተነሳች አልተጫነችባቸውም፤ ማንም ስቦ ሊያወጣቸው ይችላል። ሬሳ ደግሞ ተነስቶ ታኮውን አስሮ ቦርሳ አይከትም።"

ባለሆቴሉ ስንጥሩን ነከሰው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ሳጅኑ። ከቀኙ የፊት ፓራፋንጎ፣ ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው ቆርቆሮ ላይ፣ የሎሚ ክፋይ የምታክል ጥቁር ማግኔት አንስቶ ያገላብጣል።

"ፎቶ ሳይነሳ ማን ንካ አለህ? መልሰው!"

መለሰው። ማግኔቱ ተንሸራቶ ጫማው ላይ ወደቀ። እንደገና ለጠፈው፣ እንደገና ወደቀ። "እንደ ሚስቴ ነው" አለ ሳጅኑ አፍሮ። "አንዴ ካኮረፈ አይመለስም።"

"ተወው፣ ፌስታል ውስጥ ክተተው" አለች። ከሟች ኪስ አንዲት በእጅ የተሰፋች የጨርቅ ከረጢት ተገኘች፤ እሷንም አስከተተቻት። ከመሪው አጠገብ ባለችው የአየር ቁልፍ ላይ ያለው የጣት አሻራ ግን ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ወደ አንድ ሰው ገፋው። አሻራው የልጁ ነበር። የጋሽ ጆሮ አንድ ልጅ፣ መኪናዋን ሊገዛ ፈልጎ አባቱን መርምርልኝ ብሎ ያመጣው።

የጋሽ ጆሮ ቤት በለቅሶ ተሞልቷል። ሚስቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ የሟች የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ባትላሜራው፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ የሚያቃና ሰው፣ ውሃ ያስጠጣታል፣ የመጣውን ሁሉ ተነስቶ ይቀበላል። ደንበኞቹ "እጀ ወርቅ" ነው የሚሉት። ቀይዋንም መኪና ያደሰ እሱ ነው። ዓይኑ በልቅሶ ብዛት አብጧል።

"እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት" አለች ኢንስፔክተሯ። "ትናንት እንዴት ነበር የወጡት?"

"ተጣልተው ነዋ!" አለች ሚስትየው። "አባት ገና ሲሰማ 'የተለዋወጠች ቆንጆ አልወድም፤ ቆንጆ ሆና ርካሽ የሆነች ነገር ጉድ አላት' አለ። ልጁ አሻፈረኝ አለ። የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ 'አንድ ቀን እንኳ የምፈልገውን ፍቀድልኝ' እያለ ሲጮህበት።"

"ታኮውን ይረሱ ነበር እንዴ?"

"ማን፣ እሱ? ያለ ታኮ አልጋ ስር እንኳ አይገባም!" ሳቅ መሳይ ነገር አመለጣትና መልሳ አለቀሰች። "ያቺንም ማግኔቱን የመኪና ቀለም እንዳትጭር ብሎ ጨርቅ አሰፍቶኛል። ለሰው ንብረት የሚሳሳ ሰው ነው እኮ የሞተብኝ።"

ባትላሜራው ትከሻዋን ደገፈ። "ሰው ሲያረጅ ይዘነጋል፣ እህቴ። አይግረምሽ።"

"እርስዎ ትናንት የት ነበሩ?" ስትለው ቀና አለ።

"ጋራዤ ነዋ። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ። አጠገቤ ያለውን አናጢ ጠይቂው። መኪናዋ ለዚህ ቤት ልጅ እንደምትሸጥ እንኳ የሰማሁት ዛሬ ነው፤ ብሰማማ ኖሮ..." ቃሉን አልጨረሰውም። አናጢውም ሲጠየቅ "መዶሻው ሲጮህ ነበር፣ እምላለሁ" አለ። ያ በር ተዘጋ።

የልጁ በር ግን ወለል ብሎ ተከፈተ። ምርመራ ክፍል ሲቀመጥ "አባቴን ትቼው ቀጥ ብዬ ሄድኩ" ብሎ ነበር። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ልብስ የምትሰፋ ሴት ግን ሌላ ነገር አየች። "በሩን በንዴት ገፍቶ ዘጋው" አለች። "መቀርቀሪያውን ጣለ። ከዚያ አልሄደም፤ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ። አንድ የሸሚዝ ቁልፍ እስክተክል ድረስ ቆሟል። እኔም 'ምን ነካው ይሄን ልጅ' አልኩ በሆዴ። ኋላ ሄደ፣ አልተመለሰም።"

"በፊት በር ሌላ ሰው አልገባም?"

"እስክዘጋ ድረስ ማንም።"

ኢንስፔክተሯ ይህን ለልጁ ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ እጁ እንደ አባቱ ሰፊ የሆነ ልጅ ነው። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ።

"ሐኪሙ ምን አለ?" ሲል ጠየቀ። "ወዲያው ነው የሞተው?"

መዋሸት አማራት፤ አልዋሸችም። "ወዲያው አይደለም።"

"ጠርቶኛል" አለ ልጁ። "በሩን ዘግቼ ቆሜ ሳለ ጠራኝ። 'ና! ና እንጂ!' አለኝ። ሊሰድበኝ መሰለኝ። እልኸኛ ነኝ፤ 'አልመጣም' ብዬ ሄድኩ።" ከዚያ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። "እኔ ነኝ የገደልኩት። ጻፊው። እኔ ነኝ።"

አለቃዋ ደስታውን አልሸሸገም። "ይኸው፣ በቃ! አሻራ አለ፣ ጠብ አለ፣ ቃሉን ሰጥቷል። ነገ ከቀብሩ በፊት መዝገቡ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይሁን።" ባለሆቴሉ ወዳጁ ነው፤ ሬሳው ሲገኝ ከጣቢያው ቀድሞ የተደወለው ለእሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። ሆቴሉ ቶሎ ከወሬ ይውጣለት እንጂ ለሌላው ደንታ የለውም።

"ቃሉ ቃል አልመስል አለኝ" አለች።

"እንዲመስልሽ ማን ጠየቀሽ?"

ልጁን ወደ እስር ክፍል ይዛው የወረደችው ራሷ ነች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት እጅ ሲዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ይነካል። የብረቱን በር ስትገፋው ልጁ ክንዷን ያዘ።

"በሩን ክፍት አድርጊልኝ። አልወጣም፣ እምልልሻለሁ። ስትዘጊው ድምፁ ይሰማኛል።"

"አልችልም፣ ወንድሜ።"

"እናቴስ ምን አለች?"

እናትየው ወሬውን ስትሰማ ያለችውን ኢንስፔክተሯ ታውቃለች። "አባቱን የበላ፣ የአባቱን ቀብር አያይም" ነበር ያለችው፣ ባትላሜራው ደግፏት ቆሞ። ይህን ለልጁ አልነገረችውም። በሩን ዘጋችው። ደረጃው ላይ ከደረሰች በኋላ ተመለሰችና በፍርግርጉ በኩል አየችው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ታኮዎቹን የት አደረግካቸው?"

"የቱን ታኮ?"

"የአባትህን።"

"ከመኪናዋ ስር ናቸዋ" አለ ልጁ ግራ ገብቶት። "መኪናዋን በቁልፏ ያነሳሁለት እኔ ነኝ፤ ሲያስገባቸው አይቻለሁ። ቆይ... ታኮ እያለ እንዴት ተጫነችው?"

ኢንስፔክተሯ ፍርግርጉን ጨበጠችው። ይህ ልጅ የተናዘዘው ሌላ ነገር ነው! ተጠርቶ አለመምጣቱን ነው እንጂ ነፍስ ማጥፋቱን አይደለም። ግን ማን ይሰማታል? አለቃዋ ወረቀት ይፈልጋል፣ እናት ልጇን ረግማለች፣ ልጁ ራሱ ገመዱን በአንገቱ አጥልቆ ጫፉን አቀብሏታል። ነገ ከሰዓት አባትየው ይቀበራል። እስከዚያ እውነቱ ካልተገኘ ልጁ አባቱን አይቀብርም፤ እድሜ ልኩን አባቱን የገደለ ተብሎ ይኖራል። ከዚያ በኋላ ነፃ ቢወጣስ ምን ያደርግለታል?

በማግስቱ ጠዋት ሳጅኑን ይዛ ወደ መጋዘኑ ተመለሰች። "በሩን ከውጭ ዝጋብኝ" አለችው።

"ኢንስፔክተር፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ዝጋ ብዬሃለሁ።"

መቀርቀሪያው ሲወድቅ ጨለማው ፊቷ ላይ ተለጠፈ። ወለሉ ላይ ተኝታ "ና!" ብላ ጮኸች፤ ሳጅኑ ሰማሁ አለ። ቆማ ጮኸች፤ ሰማሁ አለ። ተኝታም ቆማም ልዩነት የለውም፤ ልጁ፣ አባቱ የጠራው መኪናዋ ተጭናው ይሁን ቆሞ፣ በጆሮው ብቻ ሊለይ አይችልም ነበር። መብራቱን አበራች። ቀይዋ መኪና ምንም እንዳልሠራች ሁሉ ታብረቀርቃለች።

ከዚያ ነው ማግኔቱ ትዝ ያላት። ጋሽ ጆሮ ኋላ የገዛቻትን መኪና ሲመረምርላት ከሩቅ ቆማ ያየችውን ታስታውሳለች፤ ማግኔቱን በጨርቅ ከረጢቱ ከቶ፣ ቆርቆሮው ላይ እያስኬደ፣ "ብረት ከሆነ ይስማል፤ ስቱኮ ከሆነ ያኮርፋል" ይላት ነበር። ስቱኮ የተበላና የተጨማደደ ቆርቆሮ የሚሞላበት ጭቃ ነው፤ ቀለም ሲቀባ አዲስ ብረት ይመስላል። ማግኔቱን ከፌስታሉ አውጥታ ቀኙ ፓራፋንጎ ላይ አስቀመጠችው። ወደቀ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎማው በላይ ሞከረች። ወደቀ፣ ወደቀ፣ ወደቀ። ፓራፋንጎው እንዳለ ስቱኮ ነበር! እንደ ዕውር መዳፏን እያስኬደች ብዙ ከለፋች በኋላ አንድ ቦታ፣ የመዳፍ ግማሽ የምታክል ቦታ ላይ፣ ማግኔቱ ጠቅ ብሎ ያዘ።

ቆማ አየችው። ትናንትም የነበረው እዚሁ መሆን አለበት፤ ሌላ ቦታ አይይዝማ። እና ያለ ጨርቁ ነበር፤ ጨርቁ የተገኘው ከሟች ኪስ ነው። ለሰው ቀለም የሚሳሳ ሰው ማግኔት ራቁቱን ቀለም ላይ አይለጥፍም። ከስር ያለው ብረት ላይ ግን የሚጫር ቀለም ስለሌለ ጨርቁን አውልቆ ይገባል። እንግዲያው ማግኔቱ ከሰውየው ጋር ከስር ነበር። ሌላ እጅ ነው አንስቶ እዚህ የለጠፈው፤ ሳይፈልግ፣ ሳይሞክር፣ አንዲቷን ቦታ የሚያውቅ እጅ።

"ክፈትልኝ!" ብላ ጮኸች።

ሳጅኑ ሲከፍትላት ዞራ ወደ ኋላው በር ሄደች። ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳው ስር፣ የታኘኩ ስንጥሮች ተከምረዋል። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ ብዙ ጊዜ አሳልፏል። ባለሆቴሉን እንግዳ መቀበያው ላይ አገኘችው።

"ጆሮዎን ከበሩ ላይ ለጥፈው ያዳመጡትን ይንገሩኝ።"

"እኔ? እኔ እንግዳ እየተቀበልኩ..."

"ስንጥርዎን ሰብስቤ ላሳይዎት? ለአለቃዬም ላሳየው?"

ሰውየው ዙሪያውን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሻጭ ሆኖ የማያዳምጥ ማን አለ? አዎ፣ ሰምቻለሁ። 'አትገዛም' አለው ልጁን። ልጁ በሩን ወርውሮ ወጣ። ሽማግሌው 'ና! ና እንጂ፣ ብየዳውን እይ!' አለው። አልመጣም። ከዚያ ሽማግሌው ስልክ ደወለ።"

ኢንስፔክተሯ ጠጋ አለች። "ልጁ ከሄደ በኋላ?"

"ከሄደ በኋላ። 'ወዳጄ፣ ይሄ ያንተ እጅ ነው? ናና ፊት ለፊት ንገረኝ' ሲል ሰማሁ። ወዲያው እንግዳ መጣና ተጠራሁ። መኪናዋ ጉድ እንዳላት ከተወራ ማን ይገዛታል? ለዚያ ነው ዝም ያልኩት።"

"ልጁ ሲታሰርም ዝም አሉ!"

ባለሆቴሉ አዲስ ስንጥር ከኪሱ አወጣ።

ከዚያ ወደ አናጢው በረረች። "ከትናንት ወዲያ ከሰዓት የመዶሻውን ድምፅ ሰምቻለሁ ብለሃል። ምን ያህል እርግጠኛ ነህ?"

አናጢው ጸጉሩን አከከ። "እንግዲህ... ሁልጊዜ ይጮሃላ። አስራ ምናምን ዓመት ሙሉ ሲጮህብኝ ነው የኖርኩት።"

"ከትናንት ወዲያስ?"

ብዙ ካሰበ በኋላ "እውነቱን ለመናገር" አለ፣ "ያን ቀን ከምሳ በኋላ ሚስቴ ስልክ ደውላ አንድ ቃል ሳያመልጠኝ አውርተናል። መዶሻ ቢጮህ ድምጿ መቼ ይሰማኝ ነበር! ወይኔ! በሐሰት ምያለሁ ማለት ነው?"

እሱን ለማጽናናት ጊዜ አልነበራትም። ባትላሜራውን ከለቅሶ ቤት አስጠራችው። አስከሬኑን ከፊት በቀኝ በኩል የሚሸከመው እሱ ነው ተብሎ ጥቁር ልብሱን ለብሶ ነበር።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለችው መጋዘኑ ውስጥ። "የሞተሩን ቁጥር መመዝገብ አለብን፣ ይህን ኮፈን ግን ማን ይክፈተው? እርስዎ ሠርተውት የለ?"

"ተንኮል አለበት" አለ እየተጠጋ። "በሁለት እጅ ነው፤ እየጫኑ መሳብ ነው።"

ማግኔቱን ከኪሷ አውጥታ እንደ ዋዛ አቀበለችው። "ይቺን አንዴ ይያዙልኝማ።" ከዚያ ወረቀቷን የምታገላብጥ መሰለች።

ባትላሜራው ማግኔቱን ተቀበለ። ዓይኑ ኮፈኑ ላይ ነበር። ሁለት እጁ እንዲፈታለት ቀኝ እጁ፣ ሳያይ፣ ወደ ጎን ሄዶ ፓራፋንጎው ላይ አረፈ። ጠቅ አለ። ያዘ። ኮፈኑን ከፈተው።

ሳጅኑ ወደ በሩ ሄዶ ቆመ።

"ትናንት ሳጅኑ ሁለቴ ጣለው" አለች ኢንስፔክተሯ። "እኔም ቦታዋን ለማግኘት ስንት ለፋሁ። እርስዎ ግን ዞረው እንኳ አላዩም።"

ሰውየው ማግኔቱን አየው፤ ከዚያ እጁን አየው፣ የራሱ ያልሆነ ይመስል። "እኔ ነኝ የሠራሁት" አለ። "የት ብረት የት ስቱኮ እንደሆነ አውቃለሁ። ይሄ ወንጀል ነው?"

"አይደለም። ግን ትናንት ስንገባ እዚያው ቦታ ተለጥፎ ነበር።"

"እሱ ለጥፎት ይሆናላ።"

"ራቁቱን? እርሳቸው? ጨርቁ ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ?" አለች ተናዳ። "ልጁ ከሄደ በኋላ የደወሉት ለእርስዎ ነው። አናጢውም መሐላውን አንስቷል። እኔን ይተዉኝ። እዚያ ቤት የሚጠብቁዎት ሴትዮ ከእጅዎ ውሃ እየጠጡ ልጃቸውን ሲረግሙ ሰምተዋል። ይህን ችለው ነው አስከሬኑን የሚሸከሙት?"

ባትላሜራው የመኪናዋን አፍንጫ ተደግፎ ወደ ወለሉ ተንሸራተተ፣ እንደ ልጅ ተቀመጠ።

"ሁለት መኪና ናት" አለ። "የኋላዋ በዝገት አልቃ ነበር፤ ከሌላ ቆርጬ በየድኩላት። ባለሆቴሉ አያውቅም። አንድ ጥሩ ጉድጓድ ካገኘች ለሁለት ትከፈላለች። በማድ ቤቱ ግቢ ገብቼ ለመንኩት። 'ልጅህ አይግዛት፣ ዝም በለኝ እንጂ፤ ሠላሳ ዓመት ያገኘሁት ስም ነው' አልኩት። 'የሚገዛትም የሰው ልጅ ነው፤ ነገ በየጋራዡ እናገራለሁ' አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ሌላ ጉድ ካለ ልይ ብሎ ተመልሶ ከስሯ ገባ። እኔ ቆሜ እያለሁ! ጀርባውን ሰጠኝ፣ ምክንያቱም አምኖኛል። ታኮዎቹን በእግሬ ሳብኳቸው።" የሥራ ጓንቱ በእጁ እንደነበር ተናገረ፤ ቁልፏን በዚያው ነበር የተጫናት። ማግኔቱ እግሩ ስር ተንከባሎ ሲመጣ አነሳው፤ ታኮዎቹን ለማሰር እጁን ሲፈታ የት እንዳደረገው እንኳ አያስታውስም።

"ጠርተውዎታል?" አለች።

"በስሜ" አለና ፊቱን ሸፈነ። "በሩን ዘግቼ ወጣሁ።"

ሳጅኑ ሰው ሁሉ በሚያደንቀው በዚያ እጅ ላይ ካቴናውን አስገባ። አለቃዋ ስትደውልለት "ልጁን ልቀቂው እንግዲህ" አለ፤ ይቅርታ የሚባል ነገር አልወጣውም።

የእስር ክፍሉን በር ስትከፍተው ልጁ አልተነሳም። "ና፣ ለቀብሩ ድረስ" አለችው። በመኪናዋ ይዛው ስትከንፍ ሁሉንም ነገረችው። "ሲጠራህ መኪናዋ ተጭናው አልነበረም፣ ገባህ? ቆሞ ነበር። ብየዳውን ሊያሳይህ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ስልክ ደውሏል፤ ሰው በጆሮው ሰምቷል።"

ልጁ መስኮቱን እያየ አለቀሰ። ቆይቶ "ብሄድለት ኖሮ ግን" አለ፣ "አብረን እንወጣ ነበር። ለሱ አይደውልለትም ነበር።" ኢንስፔክተሯ ነዳጁን ረገጠችው። ከእስር ቤት ታወጣዋለች፤ ከዚህ ግን በምን ቁልፍ ታውጣው?

ሲደርሱ አስከሬኑ ከግቢው ሊነሳ ነበር። ወሬው ቀድሟቸዋል፤ ሕዝቡ ይንሾካሾካል። ከፊት በቀኝ በኩል የሚሸከመው ሰው ቦታ ባዶ ነው፣ ወንዶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ልጁ በሩ ላይ ደረሰ። ግንባሩን የግቢው በር ላይ አስደግፎ ቆመ።

እናትየው አየችው። ደግፈዋት የነበሩትን ሴቶች ገፍትራ መጣች። ሁሉም ይቅርታ ልትለው መሰለው። እሷ ግን ደረቱን በቡጢ መታችው።

"አልገደልኩም አትለኝም ነበር?" አለች። "ለምን ዝም አልከኝ?"

"እየጠራኝ ነው የሄድኩት፣ እማዬ። 'ና' ሲለኝ ነው ጥዬው የሄድኩት።"

እናትየው ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አይ ልጄ! እኔስ ስንት ዓመት ሲጠራኝ 'ቆይ፣ መጣሁ' እያልኩ ሳልመጣ ቀርቻለሁ! ሲጠሩ አለመምጣት መግደል ከሆነማ እኔ አባትህን ስንቴ በገደልኩት ነበር።" እንባዋ በአገጯ ወረደ። "እሱም ሲጠሩት አይመጣም ነበር እኮ። መኪና ስር ገብቶ!"

አንዲት ሴት ሳቀች፣ ወዲያው አፏን ያዘች። ልጁ የእናቱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

"ና አሁን" አለችው፣ እጁን ይዛ ወደ ባዶው ቦታ እየመራችው። "ና፣ አባትህን አንሳው።"

ልጁ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን አስገባና አባቱን አነሳው።